ብረቱ የረሳው ስም

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። ድሬዳዋ ግን መስከረምን አልጠበቀችም፤ የዘንድሮን ጉድ በግንቦት ሙቀት ሰማችው። ደቻቱ የሚባለው ደረቅ ወንዝ ዳር ባለ አንድ የጭነት ድርጅት ግቢ ውስጥ ክፍሌ የሚባል ዘበኛ በፒካፕ አፍንጫና በብረት በሩ መካከል ተጣብቆ ሞቶ ተገኘ። መሪውን የጨበጠው ደግሞ ሰው አልነበረም።

ኢንስፔክተር ኑሀሚን ስትደርስ ግማሹ ከተማ በሩ ላይ ነበር። ባጃጆች ተደርድረዋል፤ ልጅ ያዘሉ እናቶች በእግር ጣታቸው ቆመዋል። ሁሉም የሚያየው ሬሳውን ሳይሆን ጋቢናውን ነው። እዚያ ውስጥ ሰው የሚያክል፣ ሁለት እጅ፣ ሁለት እግርና ልሙጥ ጥቁር ፊት ያለው ሮቦት እጆቹን መሪው ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ድርጅቱ ከውጭ ካስመጣው ወራት ሆኖታል። መኪናው ማንኛውም ሰው የሚነዳው ተራ መኪና ነው፤ ልዩው ነገር ሾፌሩ ነው፣ እንደ ሰው ማርሽ የሚያስገባ፣ እንደ ሰው ፍሬን የሚረግጥ። ድሬ ደግሞ ቅጽል ስም ሳታወጣ አታድርም፤ «ብረቱ» ብላዋለች።

«አቦ፣ ገዳዩን ከነመኪናው እንሰረው ወይስ አውርደን?» አለ ሳጅን ሚክዳድ ሆዱን በበሩ ክፍተት እያሾለከ።

ሚክዳድ የድሬ ልጅ ነው። ቁም ነገሩንና ቀልዱን በአንድ ሳህን ያቀርባል። ኑሀሚን ከደብረ ብርሃን ተዛውራ በመጣች የመጀመሪያ ቀን «አንቺ» ሲላት ደንግጣ ነበር። ኋላ ነው የገባት፤ እዚህ ሀብታሙም ድሃውም፣ ትልቁም ትንሹም «አንተ» ነው። ከዚያ ወዲህ ያንን «አንቺ» ወደደችው። ከሥራ ውጭ ቀኑን ሙሉ የሚያናግራት ሰው ስላልነበረ ሊሆን ይችላል።

ሬሳው አጠገብ ተቀመጠች። ክፍሌ ፊቱን ወደ በሩ፣ ጀርባውን ወደ መኪናው አድርጎ ነው የሞተው። ቀኝ እጁ ዱላውን እንደጨበጠ ደርቋል። ከበሩ ሥር ሰፊ ክፍተት አለ። በክፍተቱ ዙሪያ የታኘከ ካርቶንና የፍየል በጠጥ ወዳድቋል።

«መኪና ሲመጣበት ዞር ብሎ እንኳ አላየም» አለች።

«ወይ አልሰማም፣ ወይ አይነካኝም ብሎ አመነው» አለ ሚክዳድ።

ሐኪሙ ሰውየው የሞተው ትናንት ማምሻውን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ እንደሆነ ነገራቸው። ከኪሱ መታወቂያና ስልክ ወጣ። ስልኩ ውስጥ የአለቃው፣ የሊባን የሚባል ሰውና የአንድ ካርድ ሻጭ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ኑሀሚን ስልኩን ወደ ላይ ወደ ታች አገላበጠችው፤ ሌላ ሰው የለም። ያ ባዶ ስልክ ከሬሳው ይበልጥ አሳዘናት።

የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ አብዲቃድር ሸሚዙን የተኮሰ፣ ሽቶው ቀድሞት የሚደርስ ሰው ነው። የጠየቁትን ሁሉ ሳያመነታ መለሰ።

«ይህ ማሽን ፊቱ ሰው ካለ ንቅንቅ አይልም። የሚሄደው አጠገቡ የሚቀመጠው አሠልጣኝ ሂድ ሲለው ብቻ ነው። የሚሰማው ደግሞ የአሠልጣኙን ድምፅ ብቻ ነው።»

«አሠልጣኙ ማን ነው?»

«ሊባን። የድሮ ሾፌራችን ነው። ትናንት ከክፍሌ ጋር ተጣልቷል፤ ሠራተኛ ሁሉ አይቷል። ደግሞ ማሽኑ ሥራውን ሲለምድ እሱ እንደሚሰናበት ያውቃል። አንድ ጥይት ለሁለት ወፍ በይው።»

ሚክዳድ አላመነም። ወደ ጋቢናው ቀርቦ ጮኸ፤ «ብረቱ! ሂድ!»

ጥቁሩ ፊት ወደ እሱ ዞረ። «ይቅርታ፣ ድምፅዎን አላወቅሁትም» አለ በጠራ አማርኛ።

አብዲቃድር ራሱ ሞከረ። ብረቱ እሱንም አላውቅህም አለው። «አያችሁ?» አለ ሥራ አስኪያጁ እጆቹን ዘርግቶ። «እኔን አለቃውን እንኳ አይሰማኝም።»

ሊባንን ሳቢያን ሠፈር ከሚገኘው ቤቱ አመጡት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዓይኖቹ እንቅልፍ ያጡ ሰው ነው።

«ትናንት ሲመሽ የት ነበርክ?»

«ቤቴ።»

ሚስቱ ሃዎም እንዲሁ አለች። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ወላሂ፣ አብረን ሩዝ በላን አለች። የጎረቤቷ ልጅ ግን ሃዎ ከመግሪብ በኋላ በር ላይ ቆማ ያለፈውን ባጃጅ ሁሉ «ሊባንን አይታችኋል?» እያለች ስትጠይቅ እንደነበር ለሚክዳድ ነገረው።

ኑሀሚን ይህን ስትነግረው ሊባን አንገቱን ደፋ።

«ደቻቱ ነበርኩ። አሸዋው ላይ ተቀምጬ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

«ምን ትሠራ ነበር?»

«ምንም። ከሥራ እንደምባረር ለሃዎ እንዴት እንደምነግራት እያሰብኩ ነበር። ሳስብ መሸ። ደግሞ ሳልነግራት ገባሁ።»

«ያየህ ሰው አለ?»

ሊባን ፈገግ እንደማለት አለ። «ሰው እንዳያየኝ ብዬ ነው እዚያ የሄድኩት።»

ኑሀሚን ብዕሯን አስቀመጠች። እሷም አንዳንድ ቀን ከሥራ ወጥታ ደቻቱ ድልድይ ላይ ትቆምና የደረቀውን ወንዝ ስታይ ይመሻል። ያን ጊዜ ሰው ቢሞት፣ የት ነበርሽ ብትባል፣ የእሷም መልስ ይኸው ነበር። ብቸኛ ሰው ምስክር የለውም፤ ይህን ግን ለዐቃቤ ሕግ ማስረዳት አይቻልም።

«ከክፍሌ ጋር በምን ተጣላችሁ?»

«ይህንን አልናገርም።»

«ሊባን፣ ነገ ፍርድ ቤት ትቀርባለህ። የጣቢያው አዛዥ ፋይሉ እንዲዘጋ ይፈልጋል። በነፍስ ግድያ ከተከሰስክ ልጆችህን የምታያቸው አርጅተህ ነው።»

«አልገደልኩትም። ብረቱን ደግሞ ማንም ቢያዘው ይሄዳል፤ እኔን ብቻ አይደለም የሚሰማው። አለቃዬ ዋሽቷል።»

«የጥላችሁስ ነገር?»

«የሚያሳፍር ነገር ነው» አለ፤ ከዚያ በኋላ ቢለምኑትም አፉን አልከፈተም።

ሚክዳድ ኮሪደሩ ላይ ላቡን ጠረገ። «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነብን እኮ። ምን ይሻላል?»

«መጀመሪያ ሬሳውን ያየችውን ሴትዮ እንደገና እንጠይቃት።»

«ሃየ፣ እንሂድ» አለ ሚክዳድ።

ናስቲሆ በድርጅቱ በር ፊት ለፊት ሻይና ሳምቡሳ የምትሸጥ፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት። አፏ ከሶማልኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ ሳይታክት ይመላለሳል። ለሁለቱም ሳይጠይቋት ሻይ ቀዳች።

«ዛሬ ማለዳ በበሩ ቀዳዳ አየሁት። ጮህኩ። ለአብዲቃድር ደወልኩለት፣ ወዲያው እየበረረ መጣ። ጋቢና ገብቶ ከብረቱ ጋር ብዙ ቆየ። ከዚያ ለእናንተ ደወለ።»

«ጋቢና ውስጥ ምን ይሠራ ነበር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ እናቴ? አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ፤ ሞኝ ናት ብለሽ አትሳቂብኝ። ያ ብረት በየጠዋቱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ‹ሱባህ ወናግሰን ናስቲሆ› ብሎ በሶማልኛ እንደምን አደርሽ ይለኝ ነበር። ክፍሌ ነው ያስተማረው። ዛሬ ሬሳው ተነስቶ እናንተ ስትወጡ፣ ደንግጬም ቢሆን ሰላም አልኩት። አላውቅሽም አለኝ። ረሳኝ!»

ኑሀሚን የሻይ ብርጭቆዋን መልሳ አስቀመጠች። «ድምፅሽን ያውቅ ነበር?»

«የማንን አያውቅም? የሠፈሩን ሁሉ ያውቃል። ክፍሌማ ማታ ማታ ተቀምጦ ሲያወራው ነው የሚያመሸው። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ለቁልቢ ንግሥ መጥቶ በዚያው ቀረ ይላሉ። እኔንም ‹ሻይ ስጪኝ› ከማለት በቀር ስለ ራሱ ነግሮኝ አያውቅም። ለብረቱ ግን ያወራ ነበር። ምን ብሎ እንደሚያወራው አላህ ይወቀው።»

ሊባንን በካቴና ይዘው ወደ ግቢው ወሰዱት። ጋቢናው አጠገብ አቆሙት።

«ብረቱ፣ እንዴት ነህ? ሊባን ነኝ።»

«ይቅርታ፣ ድምፅዎን አላወቅሁትም።»

የሊባን ፊት ሲለወጥ ኑሀሚን አየች። ሰውየው እንጀራውን ሊቀማው በመጣ ብረት መረሳቱ አሳዝኖታል። ከጎኑ ተቀምጦ ያስተማረው፣ በየመንገዱ ያዋራው እሱ ነዋ! ከሕመሙ ሌላ ግን ነገሩ ግልጽ ሆነ። ብረቱ የረሳው ሊባንን ብቻ አይደለም፤ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ማንንም አያውቅም። አንድ ሰው ትዝታውን ጠርጎ አጥፍቶበታል።

አብዲቃድር ግን አልተንገዳገደም። «ግጭቱ አበላሽቶት ይሆናል። ማሽን ነው፤ ይበላሻል» አለ።

«ሌላ አንድ ሮቦት አላችሁ ይባላል» አለች ኑሀሚን።

ሥራ አስኪያጁ ለመጀመሪያ ጊዜ አመነታ። «ዋሂል ገጠር ነው ያለው። አትክልት ያመላልሳል። ከዚህ ጉዳይ ጋር አይገናኝም።»

ሚክዳድ የመኪናውን ቁልፍ ከወዲሁ አውጥቶ ነበር።

ዋሂል ሲደርሱ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሁለተኛው ሮቦት ከሽንኩርት መጋዘኑ በር ላይ በቆመ ፒካፕ ውስጥ ተቀምጧል። አሠልጣኙ ዐብዱላሂ ሽርጡን ሰብስቦ ጥላ ሥር ጆንያ ይሰፋል።

«ይሄም እንደ ድሬው ነው?» አለችው ኑሀሚን።

«መንትያው ነው። የሊባንን ትምህርት ነው ገልብጠው የሰጡት።»

«ሞተሩ ለምን አልጠፋም?»

«አሁን ሊጫን ነው። አትፍሪ፣ ፊቱ ሰው እያለ አይሄድም።»

ኑሀሚን ከመኪናው ፊት ለፊት ቆማ ጥቁሩን ፊት እያየች ስታስብ ከመጋዘኑ ጀርባ የፍየል መንጋ መጣ። አንዷ ደፋር ፍየል ከኑሀሚን እግር ሥር የወደቀውን የወረቀት ማኅደር ነክሳ መጎተት ጀመረች። የነሊባን ቃል የተጻፈበት ነው። ኑሀሚን ዘወር ብላ እጇን አንሥታ ጮኸች፤

«ሃይ! ሃይ!»

ሞተሩ ከኋላዋ አጓራ።

የሰማችው የዐብዱላሂን «ጆግ! ቁም! ጆግ!» የሚል ጩኸትና የጎማ ሲጢጥታ ነው። ሚክዳድ ክንዷን ይዞ ጎትቶ ሲያወጣት ሁለቱም ሽንኩርቱ ላይ ወደቁ። የመኪናው አፍንጫ እሷ ቆማ የነበረበት ቦታ ላይ ቆሟል።

«ምን ነካሽ?» ዐብዱላሂ ከላቡ ሌላ እንባውም መጥቷል። «ፊቱ ቆመሽ ለምን ሃየ ትይዋለሽ?»

«ሃየ መች አልኩት? ፍየሏን ነው ሃይ ያልኳት!»

ፍየሏ ወረቀቱን ታኝካለች።

መጀመሪያ የተናገረው ሚክዳድ ነው። «አያ!» አለ ራሱን ይዞ። «አንቺ ሃይ ስትይ ተው፣ ቁም ማለትሽ ነው። እኛ ሃየ ስንል እሺ፣ በል ቀጥል ማለታችን ነው። ከሶማልኛው ነው። ቀኑን ሙሉ እንለዋለን፣ አንቺም ትሰሚናለሽ።»

«ሂድ ብላችሁ አይደለም የምታዙት?»

«ሂድማ ይባላል፤ በድሬ መንገድ ግን አይሠራም» አለ ዐብዱላሂ። «መጀመሪያ ሲመጣ ሰው ባየ ቁጥር ይቆም ነበር። ባጃጅ አለ፣ ፍየል አለ፣ ሰው መሀል መንገድ ቆሞ ሰላምታ ይለዋወጣል። ገበያ ውስጥ አንድ ቀን ውለን አንድ ሱቅ አላለፍንም። ስለዚህ ሊባን አስተማረው፤ ሰው ፊትህ ቢኖርም ሃየ ካልኩህ ዘወር ይሉልሃል፣ ቀጥል። ሠራልን። በኋላ ግን ማንም ሃየ ሲል መነሣት ጀመረ። በስልክ የሚያወራ መንገደኛ እንኳ ሃየ ካለ ይነሣል። ሊባን ፈራ። እኔ ባለሁበት ለአብዲቃድር ነገረው፤ ሰው ሳይገድል ይታረም አለው። አብዲቃድር እንግዶቹ መጥተው ካዩት በኋላ ይታረማል አለ።»

«የምን እንግዶች?»

«ብዙ ሊገዙ የሚመጡ። ትናንት ቁልፉ መኪናው ላይ ይደር፣ ጠዋት እነሱ ፊት ራሱ አስነሥቶ ይውጣ ብሎ አዘዘ። ሌላ ቀን ቁልፉን ሊባን ነው ይዞ የሚሄደው።»

ኑሀሚን ዝቅ ብላ የተረፈውን ወረቀት ሰበሰበች። አሁን የክፍሌ ዱላ ገባት። ፊቱን ወደ በሩ ያዞረበት ምክንያት፣ የታኘከው ካርቶን፣ ሁሉም ገባት። ሰውየው እንደ ማንኛውም ዘበኛ «ሃይ» እያለ ፍየል ሲያባርር ነበር። ከኋላው ያለው ወዳጁ ደግሞ ታዘዝኩ ብሎ ተነሣ።

ድሬ ሲመለሱ አብዲቃድር ቢሮው ውስጥ ብዙ አልታገለም። ዐብዱላሂን በር ላይ ቆሞ ሲያየው ወንበሩ ላይ ለጠጥ ብሎ ተቀመጠና ዓይኑን ጨፈነ።

«ድንገተኛ ነው። እኔ አልገደልኩትም።»

«አልገደልክም። ብረቱ ሰው እንደሚገድል ተነግሮህ ዝም አልክ። ከሞተም በኋላ ማስረጃውን አጥፍተህ ሌላ ሰው ልታሳስር ነው» አለች ኑሀሚን።

«የሰባ ሰው እንጀራ እዚህ ድርጅት ላይ ነው ያለው! ሟቹን ደግሞ ምንም ብናደርግ አይመለስም። ጠያቂ እንኳ የለው።»

ኑሀሚን ሥራዋን ከጀመረች ወዲህ ተጠርጣሪ ላይ ጮኻ አታውቅም ነበር። ያን ቀን ጮኸች። «ጠያቂ ስለሌለው ነው እኮ እኔ የመጣሁት! ሊባንስ? ሚስቱ ከጠዋት ጀምሮ ሳህን ይዛ ጣቢያው በር ላይ ቆማ የለ?»

ሥራ አስኪያጁ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

«ያጠፋኸውን መመለስ ይቻላል?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ክፍሌ ለብረቱ ሲነግረው የነበረውን?»

«አይቻልም» አለ አብዲቃድር። ከዚያ ግራ ተጋብቶ ጠየቃት፤ «ግን ክፍሌ ምን የሚነገር ነገር ነበረው?»

ሚክዳድ ካቴናውን አወጣ።

ሊባን ሲፈታ ሃዎ አላለቀሰችም፤ ሳህኑን አስይዛ ጀርባውን በጡጫ መታችው። «ሥራህን ብታጣ የት እሄድብሃለሁ?» አለችው። ኑሀሚን ነገሩን ከሥሩ ነገረችው፤ ፍየሏን፣ ሃይን፣ ሃየን። ሊባን እያዳመጠ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ያችን ቃል ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»

«ይታረም ያልከውም አንተ ነህ» አለችው።

አልሰማትም መሰል። «ክፍሌ ተቀብሯል?» አለ።

«አሁን ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ነው። ዘመድ አልተገኘም። እኔና ሚክዳድ ልንሄድ ነው።»

ሊባን ምግቡን ሳይነካ አብሯቸው ተነሣ። ሃዎም ተከተለች። ቤተ ክርስቲያኑ ሲደርሱ ናስቲሆ ሻርፗን ተከናንባ አጥሩ ሥር ቆማለች። ከሬሳው አጠገብ ተሸክመው ያመጡት የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ብቻ ነበሩ። ቄሱ መጽሐፋቸውን ገልጠው ዙሪያውን አዩ።

«የሟች ቤተሰብ ማን ነው? ስመ ክርስትናውን ንገሩኝ።»

ኑሀሚን መታወቂያውን አወጣች፤ እዚያ ላይ ያለው የዓለም ስሙ ነው። ያለ ክርስትና ስም ፍትሐት የለም፤ ቄሱም ጠበቁ። ይህን ስም የሚያውቁት የት እንዳሉ አይታወቅም። የነገረው አንድ ጆሮ ቢኖር እሱም ተጠርጓል ብላ ልቧ ተሰበረ።

«ወልደ ሰንበት» አለ ሊባን ከኋላ።

ሁሉም ዞሩ። ሰውየው ጫማውን አውልቆ አጥሩ በር ላይ ቆሟል፤ ይግባ አይግባ አላወቀም።

«ያን ዕለት የተጣላነው በዚህ ነው» አለ ለኑሀሚን። «ለብረቱ ሲነግረው ሰማሁት። ‹ብሞት የሚጠራኝ የለም፤ ወልደ ሰንበት እባላለሁ፣ ሲጠይቁህ ንገራቸው› ይለዋል። እኔ ሳቅሁበት። ሾፌሮቹን ሁሉ ጠርቼ ለብረት ይናዘዛል ብዬ አሳቅሁበት። የሰንበት ልጅ፣ ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው እያልኩ ቀኑን ሙሉ ቀለድኩበት። ዱላውን አነሣብኝ። ‹አንተማ ሚስት አለህ፣ የምትነግረው አለህ› አለኝ።» ሃዎ እጁን ያዘችው።

ቄሱ አንገታቸውን ነቅነቅ አደረጉ። «ወልደ ሰንበት» አሉና ጸሎታቸውን ጀመሩ።

ኑሀሚን አንገቷን ደፍታ ሰማች። ጸሎቱ ውስጥ ስሙ በተጠራ ቁጥር የራሷን ታስባለች። ወደ ድሬ ከመጣች ጀምሮ የሷን የክርስትና ስም ማን ጠይቋት ያውቃል? ጎኗ ወደ ቆመው ሳጅን ጠጋ አለች።

«ሚክዳድ።»

«እ?»

«የእኔ ወለተ ጻድቅ ነው።»

ሚክዳድ መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ሳይቀልድ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ እስኪይዘው ድረስ ደጋግሞ አለው።